በሚቀጥለው መጽሐፍ ይመለሳል

ባለፈው እትም የጀመርነውን የባልና ሚስት የገንዘብ አያያዝ ጉዳይ በዚህኛው እንደምጨርስ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሚቀጥለው ላቆየው ነው። ከመስቀል እስከ ገና በቤታችን የሆነ ነገር ልቤን ይዞት ስለ ሌላ ነገር ብዕር ማንሳት አልቻልኩም።

የምንኖረው እንሴኖ ነው፤ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ። የጉራጌ ልጅ የትም ይኑር የት ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። እኛም ወንጌላውያን ብንሆን በዚያ ሰሞን ዘመድ የማይሰበሰብበት ቤት የለንም። ታላቅ እህቴ ከነልጆቿ ከአዲስ አበባ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሌሎቹ ልብስና ብስኩት ከሻንጣ ሲያወርዱ እሷ ያወጣችው እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ ነበር፤ 766 ገጽ። የሃሪ ፖተር አምስተኛው መጽሐፍ።

ለካ ባለፈው ክረምት እኛ ጋ በቆየችበት ጊዜ የፊተኞቹን አራቱን ለልጆቼ በአማርኛ ተርካላቸው ኖሯል! እኔ ማጀት ሆኜ ልጆቹ ጓሮ ተሰብስበው «ተረት ተረት፣ የላም በረት» ሲባባሉ እሰማ ነበር። የጦጣና የቀበሮ መስሎኝ ደስም ብሎኝ ነበር፤ በስልክና በቴሌቪዥን ዘመን ተረት የሚወዱ ልጆች አሉኝ ብዬ ለእህቶች ኅብረት ሳይቀር ተናግሬያለሁ። መስቀል ሲደርስ ግን ምስጢሩ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ገና ሲሰማ የመጨረሻው ልጄ በባዶ እግሩ ሮጦ ወጥቶ ለአክስቱ ሰላም እንኳ ሳይል የእህቴን ልጅ ያዛት፤ «አምስተኛውን አመጣሽው?» አለ።

አድማጮቹ አምስት ናቸው። ሦስቱ የእኔ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ከመንገዱ ማዶ የምትመጣ የልጄ ጓደኛ ናት። አምስተኛው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አሥር ዓመቱ ነው። ስለ እርሱ የምጽፈውን ሁሉ እናቱን አስፈቅጄ ነው፤ ስሙን ግን አልጠቅስም።

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። (መጨረሻውንም ስለምነግራችሁ፣ እያነበበ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ ይህን ገጽ ደብቁበት፤ እንዳይጣላችሁ።) ሃሪ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው። እናትና አባቱን ሕፃን ሳለ ክፉ አስማተኛ ገድሎበታል። በአክስቱ ቤት በግፊያ ያድግና አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው የአስማት ትምህርት ቤት ይገባል። ሰባት የትምህርት ዓመት፣ ሰባት መጽሐፍ። ሦስተኛው ላይ ሲሪየስ የሚባል የክርስትና አባት ያገኛል፤ የሟቹ አባቱ የቅርብ ወዳጅ ነው። ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔ» የሚለው አንድ ትልቅ ሰው አገኘ ማለት ነው። አምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በውጊያ መካከል ሲሪየስ ተመትቶ፣ ከድንጋይ ቅስት ላይ ከተሰቀለ አሮጌ መጋረጃ ጀርባ ይወድቃል። አይመለስም። ሬሳ የለም፤ ቀብርም የለም።

የእህቴ ልጅ ይህን የተረከችው ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ አንድ ሌሊት ሲቀራት ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተው ነበር። ሴቷ ልጄ አለቀሰች። መካከለኛው ተናደደና «እንዲህማ አይሆንም! ለሁለት መጽሐፍ አኑረውት ይገድሉታል?» አለ። የጎረቤታችን ልጅ ግን አላለቀሰም፣ አልተናደደምም። ረጋ ብሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው፦

«አልሞተም» አለ። «ሬሳውን ያየ ሰው አለ? መጋረጃ ውስጥ ነው የገባው። በሚቀጥለው መጽሐፍ ይመለሳል።»

የእህቴ ልጅ መጽሐፎቹን ሁሉ አንብባለች፤ መልሱን ታውቃለች። ዝም አለች። «ለገና ስመጣ» ብቻ አለችው።

ይህ ልጅ ያለውን ነገር ከእርሱ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ብለውት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አራተኛው መጽሐፍ የወጣው ሐምሌ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር፤ አምስተኛው ደግሞ ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ለልጅ ሦስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ እናቶች እናውቃለን፤ ጫማው ሦስት ጊዜ ጠቦታል ማለት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በእኩለ ሌሊት በመጻሕፍት መደብር ደጃፍ ተሰለፉ። በአሜሪካ ብቻ በመጀመሪያው ቀን ወደ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በኋላስ? ብዙዎቹ ተደሰቱ፤ የተከፉም ነበሩ። መጽሐፉ ረዘመ፤ ሃሪ ተነጫነጨ፣ በጓደኞቹ ላይ ይጮኻል፤ የድሮው ጨዋ ልጅ የት ሄደ አሉ። (አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ያላት እናት ግን የት እንደሄደ ታውቃለች።) ከሁሉ የከበዳቸው የሲሪየስ ነገር ነበር። ሬሳው ስላልታየ ይመለሳል ብለው ማስረጃ እየቆጠሩ የሚከራከሩ አንባቢዎች ነበሩ። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ራሷ የዚያን ሰው ሞት ጽፋ እያለቀሰች ወደ ወጥ ቤት እንደ ገባች፣ ባሏም ታዲያ ለምን አትተዪውም እንዳላት በዚያው ዓመት ለቢቢሲ ተናግራለች። ነገሩ እንደዚያ አይሠራም ነበር መልሷ። ባልየው ሐኪም ነው፤ ሐኪም እንዲህ ማለቱ ሳያስቀኝ አልቀረም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ሳልናገር ማለፍ አልችልምና።

ሰባተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ የወጣው ሐምሌ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ከውጭ የመጣ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እጄ ገባ፤ ሃሪ ፖተርን ያነበቡ ሕፃናት በገፍ ሰይጣንን ወደ ማምለክ እንደገቡ የሚናገር፣ ሕፃናቱ ስለ ጌታ የተናገሩትን አስጸያፊ ቃል ሳይቀር የሚጠቅስ። ደነገጥኩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ አባዝተንም ለሰንበት ትምህርት ቤት ወላጆች አደልነው። ከመጽሐፎቹ ግን አንዲት ገጽ አላነበብኩም። ከዓመታት በኋላ ነው ነገሩ ከየት እንደመጣ የደረስኩበት። «ዘ ኦኒየን» የሚባል የአሜሪካ የፌዝ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሣቅ የጻፈው ነበር። ሕፃናቱም፣ ንግግራቸውም የተፈጠሩ ናቸው። ብዙ ክርስቲያኖች እውነት መስሏቸው ከአገር አገር አሰራጩት፤ ከአሰራጮቹ አንዷ እኔ ነኝ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ለልጆች እያስተማርኩ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ የሐሰት ወረቀት አደልኩ። ለአንድ ሰው እንኳ ወጥቼ «ተሳስቼ ነበር» አላልኩም። እነሆ አሁን እላለሁ።

እንግዲህ በጥቅምት ወር ወሬው ተሰማ፤ በፓስተሩ ቤት የአስማት መጽሐፍ ይተረካል ተባለ። አንድ አባት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ከባለቤቴ ጋር ሊነጋገሩ መጡ። እኒህን አባት አቅልላችሁ እንዳታዩብኝ። ወላጅ እናታቸው የቃልቻ ደጅ ስትጠና የኖረች ሴት ነበረች፤ ጌታን ሲያገኙ ጨሌውን በገዛ እጃቸው እሳት ውስጥ የጨመሩ ሰው ናቸው። ለለንደን ልጅ አስማት የመጽሐፍ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ዶሮው፣ ደሙ፣ የጨነቃት እናት ከፍላ የምታወጣው ብር ሁሉ የሚታይ ነገር ነው።

«ፓስተር፣ እኔ እሳት ውስጥ የጨመርኩትን እርስዎ ቤት ልጆች ሊለቅሙት ነው?» አሉ።

ባለቤቴ ቡናው እስኪቀርብ ዝም አለ። ከዚያ የሐዋርያት ሥራ 19ን አነሳ። በኤፌሶን የተቃጠሉት መጻሕፍት ሃምሳ ሺህ ብር የተገመቱት የጥንቆላ ሥራ መሥሪያ ስለሆኑ ነው፤ ያቃጠሏቸውም ራሳቸው ይሠሩባቸው የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ይህ ግን ተረት ነው፣ ማንም በእርሱ አይሠራም አላቸው። ዳንኤልም የከለዳውያንን ትምህርት ተምሮ አልረከሰም አለ።

«ዳንኤል ተማረ እንጂ ለሕፃናት አልተረከም» አሉ ሽማግሌው። ባለቤቴ ሣቀ፤ እኔም በልቤ ነጥቡን ለእርሳቸው ሰጠሁ።

«ጋሼ፣ የቡንያንን የመንገደኛውን መጽሐፍ ስንቴ አነበቡት?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እዚያ ውስጥ ስንት ጋኔን፣ ስንት ሰው የሚውጥ ግዙፍ አለ?»

«እርሱ ሌላ ነው። እርሱ የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ።»

ስለ ቡንያን ካነሳን እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ የቀጣይ መጽሐፍ ጥማት የዛሬ ልጆች ያመጡት አይደለምና። የመንገደኛው ታሪክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1678 ነው። ክርስቲያን የሚባለው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ፣ ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ከቶ ወደ ሕይወት ሮጠ። እነሱስ? አንባቢው ሁሉ ቀጣዩን ይጠብቅ ስለነበር ቡንያን እስኪጽፍ እንኳ ያልታገሠ ሌላ ሰው በ1682 «ሁለተኛ ክፍል» ብሎ የራሱን አሳተመ። ቡንያን የራሱን ያወጣው በ1684 ነው፤ ሚስትየዋ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ በዚያው መንገድ ስትሄድ። ሰባኪዎች ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ይጠቅሳሉ። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። ልጅ አዝሎ፣ ልጅ እየጎተተ፣ የታመመ እያስታመመ የሚደረግ ጉዞ ያለው እዚያ ነው። ለማንኛውም ባሎች ሁለተኛውንም አንብቡ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሽማግሌው አላመኑም፤ እስከ ዛሬም አላመኑም። ግን ስምምነት ተደረሰ። ለገና ልጅቷ ስትመጣ ትረካው ሳሎን ውስጥ ይሁን፣ እኔም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ ልስማ። «ያንን ጊዜ አይተሽ ትነግሪኛለሽ እህቴ» አሉኝ ሲወጡ። ለጽሑፌ ያላደረግሁትን እንዳደርግ ያዘዙኝ እኒሁ አባት ናቸው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለልጆቹ የማይገፋ ሆነ። በርበሬው ቀላ፣ ተለቀመ፣ ደጃፉ ሁሉ ላይ ተሰጣ፤ እነሱ ግን የሚቆጥሩት የገናን ቀን ነው። የኔዎቹ በስልኬ እየደወሉ የእህቴን ልጅ «አንዷን ብቻ ንገሪን» ይላሉ። እሷ እምቢ! የጎረቤታችን ልጅ አይደውልም ነበር። አንድ ቀን ውኃ ቀድቶ ሲመለስ «ሲሪየስ ናፈቀህ?» ብዬ ብጠይቀው፦

«ሥራው ብዙ ስለሆነ ነው እትዬ፤ ሲጨርስ ይመጣል» አለኝ።

እጄ ላይ የነበረው ነገር ሊወድቅብኝ ነበር። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የእኛ ቃል ነው።

አባቱ የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ሆስፒታል ታክሞ ሳይድን ሞተ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። መርዶ ለልጅ እንዴት እንደሚነገር፣ ይልቁንም እንዴት እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ሬሳው ሲመጣ ልጁን ወደ ዘመድ ላክነው። ሲመለስ አባትህ ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ሄደ ተባለ። ከእኛ አካባቢ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ሰው ብዛቱ! ማንም ልጅ አይጠራጠርም። «መቼ ይመጣል?» ሲል «ሥራው ብዙ ነው፤ ሲጨርስ ይመጣል» እንለው ነበር። እናቱ ብቻ አይደለችም፤ እኔም ብዬዋለሁ። ትንሣኤ ሙታንን ያስተማርኩ፣ በኮሌጅ አንደኛ ቆሮንቶስን ምዕራፍ በምዕራፍ የተፈተንኩ ሴት፣ ለአንድ ሕፃን «ሞተ» የምትለዋን ቃል መናገር ፈርቼ ደቡብ አፍሪካ ላክሁት።

ገና ደረሰ፤ የእህቴ ልጅም ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ይዛ መጣች። ስድስተኛውን በሁለት ሌሊት ጨረሰችው። ሲሪየስ አልመጣም። ልጁ አሁንም ረጋ ብሎ «አንድ ይቀራል» አለ።

ያን የቀረውን አንድ ዓለም እንዴት እንደጠበቀው ልንገራችሁ። በአሜሪካና በእንግሊዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 11 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። ከዓመት በፊት እንደ ስቲፈን ኪንግና ጆን ኧርቪንግ ያሉ የታወቁ ደራሲያን በአንድ መድረክ ላይ ልጁን እባክሽ አትግደይው ብለው ሮውሊንግን ለምነዋታል። እኛ በየአዳራሹ ስለ አስማቱ ስንጮህ ልጆቹ የሚጠይቁት ግን ሌላ ነበር። ይሞታል ወይስ አይሞትም? የሞቱትስ? ስለ ድግምት ቃላቱ ያን ያህል ሌሊት የተሰለፈ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ሌሊት የእህቴ ልጅ የመቃብሩ ምዕራፍ ጋ ደረሰች። ሃሪ ወላጆቹ የተቀበሩበትን መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል፤ ገና ዋዜማ ነው፣ በረዶ ይወርዳል። በመጀመሪያ በሌላ ቤተሰብ መቃብር ላይ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ያገኛል፤ ቀጥሎ በወላጆቹ መቃብር ላይ። ልጅቷ እንግሊዝኛውን ለራሷ አነበበችና ቀና አለች።

«አክስቴ፣ ይሄ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም እንዴ?»

ተነሥቼ አየሁት። የመጀመሪያው ማቴዎስ 6፥21 ነው፤ መዝገብ ባለበት ልብም እንዳለ የሚናገረው። በእናትና በአባቱ መቃብር ላይ ያለው አንደኛ ቆሮንቶስ 15፥26 ነው፤ የመጨረሻው ጠላት ሞት እንደሚሻር። መጽሐፉ ከየት እንደተወሰደ አይናገርም፤ ሃሪም በመጀመሪያ ትርጉሙ ይምታታበታል። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ወረቀት ስተረጉም ባደርኩበት ክረምት የወጣው መጽሐፍ ይህን ይዞ ነበር! ደራሲዋ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ለጋዜጠኞች ስትናገር እነዚያ ሁለት ጥቅሶች የተከታታዩን ታሪክ በሙሉ ጠቅልለው እንደያዙ ማለቷንም ኋላ አነበብኩ። የገዛ እናቷ የሞተችው የመጀመሪያውን መጽሐፍ መጻፍ በጀመረችበት በ1990 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ በአርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሰባኪ ላድርጋት አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ የማልስማማበት ብዙ አለ፤ ጀግኖቹ እንዴት በቀላሉ እንደሚዋሹ ብቻ እንኳ ለሌላ እትም ይበቃል። (ስለ ውሸት ግን ለጊዜው እኔ ባልናገር ይሻላል።)

ለልጆቹ ጥቅሱን በአማርኛ ነገርኳቸው። የጎረቤታችን ልጅ ወደ እኔ ዞረ።

«ሞት ጠላት ነው?»

«አዎ።»

«ጠላት ከሆነ ለምን ሰው ሲሞት ጌታ ወሰደው ትላላችሁ?»

ኮሌጅ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መልስ ተምሬያለሁ። በዚያች ሌሊት ግን አንዱም ከአፌ አልወጣም። ባለቤቴን አየሁት፤ እርሱም መሬት መሬት ያያል። «ቀጥዪ» አልኳት ልጅቷን።

በማግስቱ መጨረሻው ደረሰ። ሃሪ ሊሞት ወደ ጫካው ይሄዳል። የሞቱትን የሚያሳይ አንድ ትንሽ ድንጋይ በእጁ አለ። ድንጋዩን ሲያዞረው እናቱ፣ አባቱ፣ ሲሪየስም ይመጣሉ። የጎረቤታችን ልጅ ከምንጣፉ ላይ ብድግ አለ። «መጣ!» አለ። ግን አልመጡም፤ ጥላ ናቸው፤ እስከ ሞቱ ደጃፍ ይሸኙታል እንጂ ከእርሱ ጋር ወደ ቤት አይመለሱም። ሃሪ ድንጋዩን እዚያው ጫካ ውስጥ ይጥለዋል፤ ኋላም ከሞት ተርፎ ሲመለስ ሊፈልገው አይሄድም።

ትረካው ሲያልቅ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። ሴቷ ልጄ መዝጊያው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሁሉም አግብተው ወልደው የሚታዩበት፣ አስጠላት። «የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል» አለች። (በዚህ ላይ የዓለም አንባቢም ለሁለት እንደተከፈለ ስነግራት ኮራች።) መካከለኛው ስምንተኛ የለም ወይ አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. አንድ የቴአትር ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ግን «ያ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው፤ አልተርክም» ብላ ዘጋችው። ትንሹ ሰባቱንም ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚልን አለ። ጫጫታው ሲበርድ አየሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ቦታው ላይ የለም። ጫማውን ሳያደርግ ወጥቷል።

ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ መጣ። ጫማውን ሊወስድ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለና አንድ በርበሬ አንሥቶ መቀንጠስ ጀመረ።

«እትዬ፣ ድንጋዩን ለምን ጣለው? እኔ ብሆን አልጥለውም ነበር።»

«እኔም ብሆን አልጥለውም ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው።

ጥቂት ቀነጠሰ። ከዚያ ሳያየኝ፦

«አባዬ ደቡብ አፍሪካ አይደለም፤ አይደል?»

በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ልጠርግ ነበር። ተውኩት።

«አይደለም ልጄ። ሞቷል። ሦስት ዓመት ዋሸንህ፤ እኔም ዋሽቼሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«አውቅ ነበር» አለ። «ትምህርት ቤት ነግረውኛል። ግን ሬሳውን ማን አየ ብዬ ነበር።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ይጠይቀኝ ጀመር። ምን ለብሶ ነበር? ዓይኑ ተከፍቶ ነበር? ማን ተሸከመው? ዝናብ ነበር? እማዬ ምን አለች? አንዱንም ሳልደብቅ መለስኩለት። ቡናማ ኮቱን ለብሶ ነበር። ዓይኑ ተከድኖ ነበር። ከተሸከሙት አንዱ ፓስተር ነው፤ አንዱ እነዚያ ሽማግሌ ናቸው። ዝናብ አልነበረም። የእናቱን ለእናቱ ተውኩት፤ እጁን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድን። እሷም እስክንነግራት አልጠበቀችም፤ ፊታችንን አይታ በሩን ይዛ ተቀመጠች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን መቃብሩ ጋ ሄድን። ልጁ እዚያ ቦታ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። በሲሚንቶው ላይ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ የአባቱን ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን። ቀኑ ላይ ጣቱ ቆመ። ደጋግሞ አነበበው።

«ይሄን ቀን እኔ ፈተና ነበረኝ» አለ። «ሁለተኛ ወጥቼ ልነግረው ደውሉልኝ ስላችሁ ስልኩ ዝግ ነው አላችሁኝ።»

ከኪሱ አንድ ቅንጥስ በርበሬ ወደቀ። አነሣውና መልሶ ከተተው። ከዚያ ወደ ሲሚንቶው ጎንበስ ብሎ፣ እኛን እንደማንሰማ ቆጥሮ፣ ስንተኛ እንደወጣ ነገረው።